ስም የተመታበት ቢላ

በየቤታችን ከሚገኘው ዕቃ ሁሉ እንደ ቢላ ዘወትር ከእጅ የማይለይ፣ እንደ ቢላም ሠሪው የማይጠየቅለት የለም። ጥበብ ለብሳ የመጣችውን «የማን እጅ ነው?» እንላታለን፤ መሶብ ሲቀርብልን የሰፋችውን እናደንቃለን፤ ሽንኩርቱን የከተፈውን፣ ሥጋውን የቈረጠውን ስለት ማን ቀጥቅጦ እንዳወጣው ግን ጠይቀን አናውቅም። ቢላ ከገበያ ይመጣል፤ ይዶለዱማል፤ ይሳላል፤ እጀታው ሲወልቅ በጨርቅ ይታሰራል፤ በመጨረሻም የት እንደ ገባ ሳይታወቅ ይጠፋል። ይህ የሆነው በአጋጣሚ እንዳልሆነ ከዚህ በታች እንመለከታለን።

ከጦር ሰፈራችን አጥር ማዶ ባለው መንደር የሚኖሩ፣ በመሣሪያ ጥገና ክፍል ለብዙ ዓመታት አገልግለው በጡረታ የተሰናበቱ አንድ ሃምሳ አለቃ፣ ከበዓል በፊት በከተማው በሚከፈተው የንግድ ትርኢትና ባዛር ላይ 12 የእጅ ሥራ ቢላዎች ለማቅረብ ተመዝግበዋል። የቤተሰብ ዓምዳችን አንባቢያን ስለ ዝግጅታቸው እንዲያውቁ በማሰብ ወደ ቤታቸው በሄድንበት ጊዜ በጓሯቸው ከቆመችው የቈርቈሮ ዳስ ውስጥ፣ በመስፍና በወናፍ መካከል ሆነው ተቀበሉን። ስማቸው እንዳይጻፍ ጠይቀውናል። ምክንያታቸውንም በአንድ ዐረፍተ ነገር ነገሩን፤ «ስሜ መጀመሪያ የሚነበበው በብረቱ ላይ ይሁን።»

ለቢላዎቹ የሚሆነው ዓረብ ብረት የጭነት መኪና ባሌስትራ ነው። ባሌስትራ ከመቶ 0.6 እጅ ያህል ካርቦን ያለው በመሆኑ በእሳት ሲጋልና በዘይት ሲነከር ይጠነክራል፤ ይህ ነገር የሌለው ተራ የአርማታ ብረት ቢቀጠቀጥና ቢሳል እንኳ ስለቱ ከአንድ ድግስ አያልፍም። ይሁን እንጂ ያገለገለ ባሌስትራ እንደ ዘመተ ሰው ነው፤ ውጪው ደኅና መስሎ ውስጡ የተጎዳ ሊሆን ይችላል። ለዓመታት ሲለጠጥና ሲመለስ የኖረ ብረት ዐይን የማያያቸው ስንጥቆች ይይዛል። ሃምሳ አለቃው ይህን የሚያውቁት በጥገና ክፍል በተማሩት ዘዴ ነው። ብረቱን በሚገባ አጥበው በነጭ ጋዝ ይቀቡታል፤ ጥቂት ቈይተው ያደርቁታል፤ ከዚያም የጠመኔ ዱቄት ይነሰንሱበታል። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የተደበቀው ጋዝ ቀስ ብሎ ወጥቶ በነጩ ዱቄት ላይ ቀጭን መስመር ያሰምራል። ከገዙት ባሌስትራ ሲሶው ያህል በዚህ ፈተና ወድቆ በዳሱ ጥግ ተከምሯል። «ይህንን ለማረሻ የሚፈልግ ካለ ይውሰደው፤ ለእኔ ጠረጴዛ ግን አይሆንም» አሉን።

ለገበያ በሚሠራና ለትርኢት በሚሠራ ቢላ መካከል ያለው ልዩነት በዚህ ይጀምራል። በቅዳሜ ገበያ መሬት ላይ ከተዘረጉት ቢላዎች ገዢው አንዱን አንሥቶ፣ በአውራ ጣቱ ዳስሶ፣ ዋጋ ተከራክሮ ይሄዳል። በትርኢት ላይ ግን 12 ቢላዎች ጎን ለጎን ተሰልፈው ይቆማሉ፤ የአንዱ ጉድለት በሌላው ይጋለጣል። ሰልፍ ያየ ወታደር ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ አንድ ሰው ብቻውን ሲሄድ የማይታይ የእግር ስሕተት በጓዶቹ መካከል ሲሆን ከሩቅ ይታወቃል።

በዚህ ረገድ ከሌላ አገር አንድ ምሳሌ ማንሣት ይጠቅማል። በአሜሪካ ውስጥ ዊሊያም ሞራን የተባለ የሜሪላንድ አንጥረኛ እ.ኤ.አ. በ1973 በካንሳስ ሲቲ በተደረገ የቢላ ሠሪዎች ትርኢት ላይ፣ ልዩ ልዩ ብረቶችን እያነባበረ በእሳትና በመዶሻ አጣብቆ የሠራቸውን «የደማስቆ ብረት» የሚባሉ ቢላዎች ይዞ ቀረበ። በዚያን ጊዜ በአገሩ ይህን ጥበብ የሚሠራ አልነበረም ለማለት ይቻል ነበር፤ ከዚያ ትርኢት በኋላ ግን ብዙዎች ወደ መዶሻና ወደ እሳት ተመለሱ። ሞራን እ.ኤ.አ. በ1976 የአሜሪካ የስለት አንጥረኞች ማኅበር እንዲቋቋም ያደረገ ሲሆን የሞተው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ማኅበሩ አንድን አንጥረኛ ከተማሪነት ከፍ ለማድረግ የሚሰጠው ፈተና ከሰማነው ሁሉ የበለጠ አስደንቆናል። ተፈታኙ በሠራው ቢላ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለውንና ጫፉ በነጻ የተንጠለጠለውን ገመድ በአንድ ምት ይቈርጣል፤ በዚያው ስለት ወፍራም ጣውላ ሁለት ጊዜ ይፈልጣል፤ ይህን ሁሉ ካደረገ በኋላ ስለቱ የክንድ ጠጉር መላጨት አለበት፤ በመጨረሻም ቢላው በሞርሳ ታስሮ ሳይሰበር 90 ዲግሪ ይታጠፋል። ይህንን ያለፈ አምስት ያማሩ ቢላዎች ይዞ በዳኞች ፊት ይቀርባል። እነርሱም የእጀታውን ግጥምጥም፣ የመስመሩን ቅንነት፣ የመሞረጃውን ጭረት ሳይቀር ይመረምራሉ።

የሃምሳ አለቃው ልጅ ይህን ከስልኳ ላይ ስታነብላቸው በጣም ሳቁ። «ገመዱ ይቅርብኝ» አሉ፤ «የእኔን ቢላ የሚፈትነው የዶሮ መገጣጠሚያ ነው።» ሆኖም ከምሳሌው አንዱን ወስደዋል። ሥራውን ከመጀመራቸው በፊት ከዚያው ባሌስትራ አንድ ቁራጭ ቈርጠው፣ በዘይት አጠንክረው፣ በሞርሳ አስረው በመዶሻ ሰበሩት። የተሰበረው ፊት እንደ ጨው ፍሬ ሻካራ ቢሆን ኖሮ እሳቱ በዝቶበታል ማለት ነበር፤ እርሳቸው ያዩት ግን እንደ ጥሩ ዐመድ ልስልስና ግራጫ ነበር። ያንን ቁራጭ እስከ ዛሬ ድረስ በኪሳቸው ይዘው ይዞራሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በየቢላው ላይ የሚመታው ስም የማን ይሁን የሚለው ጥያቄ ቤተሰቡን ለሁለት ሳምንት ያህል እንቅልፍ ነሥቶት ነበር።

ሃምሳ አለቃው የቀጥቃጭ ልጅ ናቸው። ይህን ሰፈሩ አያውቅም ነበር፤ ወደ ሠራዊቱ ሲገቡ የአባታቸውን ሥራ የጠየቃቸው ጸሐፊም «ገበሬ» ብሎ መዝግቧል። «ፈጽሞ አልዋሸሁም» አሉን ፈገግ እያሉ፤ «አባቴ ማረሻ ያልሠሩለት ገበሬ በአገሩ አልነበረም።» ፈገግታቸው ግን ብዙ አልቈየም። ቀጥቃጩ የሠራውን ማረሻ ይዞ የሚያርሰው ገበሬ፣ ቀጥቃጩ በሠራው ቢላ አርዶ የሚበላው ባለ ድግስ፣ ሠሪውን ግን «ቡዳ ነው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል» እያለ ከማዕድ ያርቀው፣ ልጁንም ለልጁ ከመዳር ይሸሽ እንደ ነበር እናውቃለን። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብ እንዲቀር አዝዘዋል። ዐዋጁ ስድቡን ከአደባባይ ገፋው እንጂ ከየጓዳው ሊያወጣው አልቻለም። የአጥንት ቈጠራ የሚባለው ነገር ዛሬም ሽማግሌ በተላከ ቁጥር ከምንጣፉ ሥር ብቅ ይላል።

ታሪካችንም በዚህ ረገድ አድልዎ አለበት። አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሠሩትን፣ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውንና በ1860 ዓ.ም. እስከ መቅደላ የተጎተተውን ሴባስቶፖልን የማያውቅ ተማሪ የለም። መድፉን ያፈሰሱት አውሮፓውያን ባለሙያዎች በመጻሕፍት በየስማቸው ተመዝግበዋል። ከጎናቸው ወናፍ የነፉት፣ ከሰል የተሸከሙትና ብረት ያቀለጡት የአገር ልጆች ግን «ሠራተኞች» ከመባል ያለፈ ስም አላገኙም።

ሳይንስም በዚህ ጉዳይ ቃሉን ሰጥቷል። በደቡብ ኦሞ በሚኖረው የአሪ ሕዝብ መካከል ቀጥቃጮችና አራሾች ለረጅም ዘመን ሳይጋቡ ስለ ኖሩ፣ ቀጥቃጮቹ ከሌላ ዘር የመጡ ናቸው ብለው የጻፉ ሊቃውንት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የዘረ መል ጥናት ግን ሁለቱ ወገኖች ከአንድ ግንድ የተገኙ መሆናቸውን፣ በመካከላቸው የሚታየው ልዩነትም ቀጥቃጮቹ ተገልለው እርስ በርሳቸው ብቻ ሲጋቡ በመኖራቸው የመጣ መሆኑን አሳይቷል። በአጭሩ፣ ሰዎቹን የለያቸው ደም ሳይሆን ንቀት ነው።

ነገር ግን አንዲት እናት ልጇን ስትድር የምታስበው ስለ ጥናት አይደለም። የሃምሳ አለቃው ልጅ የ24 ዓመት ወጣትና የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ናት። ለጋብቻ የጠየቃት ቤተሰብ ሽማግሌዎቹን ባዛሩ ከተዘጋ በኋላ ባለው ሁለተኛ እሑድ ሊልክ ቀን ቈርጧል። እንግዲህ ሃምሳ አለቃው በየቢላው ላይ የአባታቸውን ስም እመታለሁ ባሉ ጊዜ ባለቤታቸው ምን ሊሰማቸው እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

«አንተ ጡረታህን ይዘህ ተቀምጠሃል፤ እርሷ ግን ገና ሰው ቤት መግባቷ ነው» አሏቸው ወይዘሮዋ እኛው ፊት። «ሥራህን ማንም አልከለከለህም። ቀጥቅጥ፤ ሽጥ። የሟቹን ስም በገበያ መካከል ምን አመጣው? የራስህን ስም ምታበት፤ ካልሆነም አበባ ምታበት።»

«የራሴን ብመታ ጥበቡ የእኔ ይመስላል» አሉ ሃምሳ አለቃው። «ብረት ሲግል ምን ዐይነት መልክ እንዳለው ያሳዩኝ አባቴ ናቸው። ጥገና ክፍል ያስተማረኝ መለካት ነው።»

እዚህ ላይ አንባቢ ሊያውቀው የሚገባ አንድ የሥራ ጠባይ አለ። ስም በብረት ላይ የሚመታው ብረቱ ከመጠንከሩ በፊት ብቻ ነው። አንድ ጊዜ በዘይት ከተነከረ በኋላ የፊደል መምቻው ራሱ ይሰበራል እንጂ ብረቱ አይቀበለውም። ስለዚህ ክርክሩን እስከ ባዛሩ ዋዜማ ማቈየት አይቻልም ነበር። ብረቱ ተቀጥቅጦ፣ በሞረድ ቅርጹን ይዞ፣ 14 ቢላዎች በሽቦ ተንጠልጥለው እሳት ይጠብቁ ነበር። ሃምሳ አለቃው ከአሮጌ ሞረድ ቈርጠው ያዘጋጇቸው ሦስት የፊደል መምቻዎችም በመስፉ ላይ ተደርድረው ነበር።

ዝምታውን የሰበረችው ልጅቱ ናት። «እማዬ፣ የአያቴን ስም የሚጠላ ሰው እኔን ወደደኝ አይባልም» አለች። «ሽማግሌዎቹ መጠየቃቸው ካልቀረ ከሐሜተኛ አፍ ከሚሰሙት ከአባዬ ጠረጴዛ ላይ ያንብቡት።» ወይዘሮዋ መልስ አልሰጡም፤ ተነሥተው ወደ ቤት ገቡ። ጥቂት ቈይተው ቡና ይዘው ተመለሱና ስኒውን በመስፉ ጫፍ ላይ፣ ከፊደሎቹ አጠገብ አኖሩት። ሃምሳ አለቃው ይህን እንደ ፈቃድ ቈጥረውት መዶሻቸውን አነሡ። ይህ ጸሐፊም እንደ ፈቃድ ይቈጥረዋል፤ በትዳር ረጅም ዘመን የቈዩ ሰዎች በሌላ ቋንቋ እንደሚነጋገሩ ብዙ ጊዜ አይቷልና።

ማጠንከሩ የተደረገው በማግስቱ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሰዓቱ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በቀን ብርሃን የብረት ግለት ትክክለኛ መልኩን አያሳይም፤ ድንግዝግዝ ሲል ግን ቀዩና ብርቱካናማው ተለይተው ይታያሉ። ከምድጃው አጠገብ አንድ ማግኔት በሽቦ ተንጠልጥሏል። ብረት 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ማግኔት አይዘውም፤ ሃምሳ አለቃው ማግኔቱ እንደ ለቀቀው ካዩ በኋላ ጥቂት ግለት ይጨምሩና ሞቅ ባለ ዘይት ውስጥ ቀጥ አድርገው ያስገቡታል። ውኃ ለዚህ ብረት ይቸኩላል፤ ይሰነጥቀዋል። ቢላው በዘይቱ ውስጥ ወደ ጎን ከተናወጠም ይጎብጣል። አሥራ አራቱም ከመነከራቸው በፊት ሦስት ሦስት ጊዜ ግለው በአየር እንዲቀዘቅዙ መደረጉን ልብ ይሏል፤ መዶሻው በብረቱ ውስጥ የተወውን ጭንቀት የሚያወጣው ይህ ነው። ዘጠነኛው ሲገባ «ቲክ» የሚል ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ማንም አልተናገረም። ሃምሳ አለቃው አውጥተው አዩት፤ ከስለቱ እስከ ጀርባው ተሰንጥቋል። ስሙ ያለበትን ጫፍ ወደ ታች አድርገው ለብቻው አስቀመጡትና ዐሥረኛውን አነሡ።

በዘይት የጠነከረ ብረት እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ስለሆነ ዕረፍት ያስፈልገዋል። ይህ ዕረፍት የተሰጠው በወይዘሮዋ የዳቦ መጋገሪያ ውስጥ ነው። በ200 ዲግሪ ሁለት ሁለት ሰዓት፣ ሁለት ጊዜ። ብረቱ ሲወጣ የደረቀ ገለባ መልክ ይዟል። ወይዘሮዋ በዚያ ሳምንት የጋገሩት ዳቦ ዘይት ዘይት ይሸታል ሲሉ ቅሬታቸውን እንድንጽፍላቸው ጠይቀዋል፤ ጽፈናል።

ስለ እጀታው ብዙ አንልም። ግማሾቹ ወይራ ናቸው፤ ከባድና ጥብቅ እንጨት ነው፤ ነገር ግን ለወራት ካልደረቀ ከብረቱ ይሸሻል። የቀሩት የበሬ ቀንድ ናቸው። ቀንድ ሲጠርቡት መጥፎ ሽታ አለው፤ ሲወለወል ግን የሚያህለው የለም። ሁሉም በነሐስ ችንካር ተይዘዋል።

ቢላዎቹ አልቀው የተፈተኑት በዳሱ ውስጥ ሳይሆን በማዕድ ቤት ነው። በዚህ ስፍራ ዳኛዋ ወይዘሮዋ ነበሩ። ሃምሳ አለቃው አሥራ ሦስቱንም በጠረጴዛው ላይ አሰለፉላቸው። አንድ ቅርጫት ሽንኩርትና ሁለት ዶሮ ቀረበ። የሠላ ስለት ሽንኩርቱን ይቈርጠዋል፤ የዶለዶመው ይጨፈልቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣ አንድ ጥናት እንዳረጋገጠው፣ የዶለዶመ ቢላ ከሽንኩርቱ የሚረጨውን ዐይን የሚያቃጥል ነጠብጣብ ያበዛዋል፤ ፍጥነቱንም ይጨምረዋል። ወይዘሮዋ ይህን ሳያነቡ እንባቸውን እንደ መለኪያ ተጠቅመውበታል። ዶሮውን በአሥራ ሁለት ብልት ሲያወጡም አጥንት ሳይነኩ መገጣጠሚያውን ብቻ እየፈለጉ ስለቱን ሰደዱት። አሥራ አንደኛውን ቢላ ሲይዙ ግን ቆሙ። እጀታው ያማረ የቀንድ ሥራ ነው፤ ከሁሉም ይልቅ ያንጸባርቃል። «ይኼ ስብ ሲነካው ያመልጣል» አሉ። ሃምሳ አለቃው ሊከራከሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ወይዘሮዋ እጃቸውን በዶሮው ስብ አሽተው ቢላውን ሰጧቸው። ቢላው ከእጃቸው ተንሸራተተ። በዚህም ምክንያት ወደ ትርኢቱ የሚሄዱት በትክክል 12 ሆኑ፤ የሚያንጸባርቀው ግን ከቤት ቀረ። በእኛ አስተያየት ቢላ ሠሪ ሁሉ ከማንኛውም ባለሙያ በፊት ሊያማክር የሚገባው ይህን የመሰለ ዳኛ ነው። ቢላን በቀን ሦስት ጊዜ የሚይዘው እጅ በትርኢት ላይ የሚያደንቀው ዐይን የማያየውን ያውቃል።

ከዚህ በኋላ የቀረው የጠረጴዛው ነገር ነው፤ ቀላል አይምሰል። ስለት ያለው ዕቃ በትርኢቱ እንዲቀርብ መፈቀዱን አስቀድሞ ከአዘጋጆቹ በጽሑፍ መቀበል ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ በበሩ ላይ ከፍተሻ ጋር መከራከር ይመጣል። በባዛር ሕፃናት ይበዛሉ፤ ስለዚህ ቢላዎቹ በጣውላ ላይ በቀጭን ሽቦ ይታሰራሉ፤ ስለታቸውም ወደ ሻጩ ይዞራል። ለሙከራ የሚወጣው አንድ ብቻ ሲሆን ለጎብኚው የሚሰጠው በእጀታው በኩል ነው። የብዙ ሰው ጣት የነካው ብረት ከላቡ ጨው የተነሣ እስከ ማታ ድረስ የዝገት ነጥብ ያወጣል፤ ስለዚህ ዘይት የነካ ጨርቅ ከጠረጴዛው ሥር አይለይም። የቆዳ አፎቶቹም ለመያዣ ናቸው እንጂ ለማኖሪያ አይደሉም፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛልና።

ልጅቱ ለየቢላው ካርድ ጽፋለች። በካርዱ ላይ ብረቱ ከምን እንደ ተሠራ፣ እጀታው ምን እንደሆነ፣ በመጨረሻም «ታጥቦ ካልደረቀ ይዝጋል» የሚል ይነበባል። ወይዘሮዋ ይህ ገዢ ያባርራል ባይ ናቸው። በአጠገባቸው የሚቆመው ነጋዴ የማይዝግ የውጭ ቢላ በርካሽ እንደሚሸጥ ማንም ያውቃል። ሃምሳ አለቃው ግን በዚህ ነገር አልተበገሩም። ዋጋውንም ከዚያ ነጋዴ ጋር አላስተያዩትም፤ ከሰሉን፣ የብርጭቆ ወረቀቱን፣ ነሐሱን፣ በእያንዳንዱ ላይ የፈሰሰውን 9 ሰዓት ያህል ደምረው ጻፉት። ድምሩን ባዩ ጊዜ እርሳቸው ራሳቸው ትንሽ ደነገጡ፤ አልቀነሱትም።

እኛ ለሁለተኛ ጊዜ በሄድን ቀን ዕቃው በሣጥን እየገባ ነበር። አሥራ ሁለቱ ቢላዎች በዘይት በተነከረ ወረቀት ተጠቅልለው፣ ጫፎቻቸው በቡሽ ተሸፍነው ተደርድረዋል። ወይዘሮዋ መክተፊያቸውንና ግማሽ ጆንያ ሽንኩርት አክለውበታል፤ በጠረጴዛው የሚቀመጡት እርሳቸው ናቸው። የሙሽራው አጎት በባዛሩ በኩል እንደሚያልፉም መልእክት ደርሷቸዋል። ሃምሳ አለቃው ለእኒህ ሰው በመጀመሪያ የሚያሳዩትን ቢላ መርጠው በሣጥኑ አናት ላይ አኑረውታል፤ ሰባተኛው ነው፤ ፊደሎቹ ከሁሉም ይልቅ ጠልቀው የተመቱበት።